ከሶፍትዌር ሬይድ አልነሣ ያለ ኮምፒውተር፦ ብልሽቱ የት እንዳለ እንዴት ይታወቃል?

በደብረ ማርቆስም ሆነ በፍኖተ ሰላም፣ በዳንግላም ሆነ በሞጣ፣ ሁለት ሃርድ ዲስክ የተገጠመለትና ሊኑክስ የተጫነበት ተራ የጠረጴዛ ኮምፒውተር የአንድ ትምህርት ቤት፣ የአንድ ፎቶ ቤት ወይም የአንድ ቁጠባና ብድር ማኅበር ሰርቨር ሆኖ ሊያገለግል ይችላል። ሁለቱ ዲስኮች በሶፍትዌር ሬይድ ተጣምረው አንዱ የሌላው ግልባጭ ስለሚሆን፣ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ሥራውን ይቀጥላል ተብሎ ይታመናል። ከዚያ አንድ ቀን መብራት ይሄድና ሲመለስ ኮምፒውተሩ አልነሣ ይላል፤ ስክሪኑ ላይ ብልጭ ድርግም የሚል ጭረት ወይም አንድ አጭር የእንግሊዝኛ መልእክት ብቻ ይቀራል። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ «ሁለት ዲስክ የገዛነው ለዚህ ቀን አልነበረም ወይ?» ብለው ቢጠይቁ ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። መልሱ ሬይድ የሚጠብቀው መረጃውን እንጂ የኮምፒውተሩን አነሣሥ አለመሆኑ ነው። እንዲህ ባለው ጊዜ መረጃው አብዛኛውን ጊዜ በሁለቱም ዲስኮች ላይ ሳይነካ ይገኛል፤ የሚያጠፋውም ብዙውን ጊዜ ብልሽቱ ራሱ ሳይሆን ከብልሽቱ በኋላ የሚመጣው የጥድፊያ ጥገና ነው።

ሬይድ የሚለው ስያሜ የታወቀው በ1980 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1988) ዴቪድ ፓተርሰን፣ ጋርዝ ጊብሰንና ራንዲ ካትዝ የተባሉ የበርክሌይ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባቀረቡት ጥናት ነው። ሐሳባቸው ብዙ ርካሽ ዲስኮችን አጣምሮ እንደ አንድ ትልቅና አስተማማኝ ዲስክ መጠቀም ይቻላል የሚል ነበር። ከአጣመር ዓይነቶቹ ውስጥ በትንንሽ መሥሪያ ቤቶች የሚያዋጣው ሬይድ 1 ሲሆን፣ እያንዳንዱ መረጃ በሁለቱም ዲስኮች ላይ እኩል ይጻፋል። ሬይድ 5 ቢያንስ ሦስት ዲስክ ይፈልጋል፤ ከመረጃው ጋር ፓሪቲ የሚባል ስሌት ስለሚያስቀምጥም ከዲስኮቹ አንዱ ቢጠፋ የጎደለውን ከቀሩት አስልቶ ማውጣት ይቻላል። ሬይድ 0 ግን መረጃውን ለዲስኮቹ ከፋፍሎ ከማደል በቀር ምንም ግልባጭ ስለማይይዝ፣ አንድ ዲስክ ሲጠፋ ሁሉም ይጠፋል። ማጣመሩን የሚያከናውነው ለብቻው የተሠራ ካርድ ሲሆን ሃርድዌር ሬይድ፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ራሱ ሲሆን ሶፍትዌር ሬይድ ይባላል። በሊኑክስ ሥራው የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት የሆነው የከርነሉ ነው፤ ጥምሩን ለመፍጠር፣ ለመመርመርና ለመጠገን የሚያገለግለው መሣሪያ ደግሞ ኤምዲአድም ይባላል።

የችግሩ ሥር ያለው እዚህ ላይ ነው። ሶፍትዌር ሬይድ የከርነሉ ሥራ ከሆነ፣ ከርነሉ ሳይነሣ ሬይድ የለም ማለት ነው። ኮምፒውተሩ ሲበራ መጀመሪያ የሚሠራው በማዘርቦርዱ ላይ ያለው ባዮስ ወይም በአዲሶቹ ማሽኖች ላይ የሚገኘው ዩኢኤፍአይ ነው፤ እርሱም ዲስኮቹን የሚያያቸው ስለ ጥምርነታቸው ምንም እንደማይታወቅ ሁለት የተለያዩ ዲስኮች አድርጎ ነው። ስለዚህ የመነሻ ፕሮግራሙ በአንደኛው ዲስክ ላይ ብቻ ተጭኖ ከነበረ፣ ሬይዱ ያንን ወደ ሁለተኛው ዲስክ አይገለብጠውም። የማኅበሩን የሒሳብ መዝገብ በሁለት ግልባጭ ጽፎ በሁለት ሣጥን ከቆለፉ በኋላ የሁለቱንም ቁልፍ ለአንድ ሰው እንደ መስጠት ነው፤ መዝገቡ ሁለት ቢሆንም ያ ሰው ከሌለ አንዱም አይከፈትም።

አነሣሡን በቅደም ተከተል እንመልከተው። ባዮስ ከመረጠው ዲስክ የመጀመሪያዎቹን 512 ባይት ያነባል። ከእነዚህ ውስጥ 446ቱ ባይት የመነሻ ኮድ፣ 64ቱ የፓርቲሽን ሠንጠረዥ (ዲስኩ የተከፋፈለባቸው ክፍሎች ዝርዝር)፣ የመጨረሻዎቹ 2ቱ ደግሞ ማረጋገጫ ምልክት ናቸው። በ446 ባይት ብዙ ሥራ ስለማይሠራ፣ ያ ኮድ የሚያደርገው ከፍ ያለውን የግረብ (የሊኑክስ መነሻ ፕሮግራም) ክፍል መጥራት ብቻ ነው፤ ይህም ክፍል ከመጀመሪያው ፓርቲሽን በፊት ባለው ባዶ ቦታ ወይም ዲስኩ ጂፒቲ በተባለው አሠራር የተከፋፈለ ከሆነ ለዚሁ በተተወ ትንሽ ፓርቲሽን ውስጥ ይቀመጣል። ግረብ ከዚያ ቡት የሚባለውን ማኅደር ፈልጎ ከርነሉንና ኢኒትራምኤፍኤስ የተባለውን ጊዜያዊ ትንሽ ሲስተም ወደ ራም ያስገባል። ሬይዱን የሚያጣምረው ይህ ትንሽ ሲስተም ነው፤ አጣምሮ ሲጨርስ ዋናውን ፋይል ሲስተም ይከፍትና ሥራውን ያስረክባል። እንግዲህ ኮምፒውተሩ አልነሣም ማለት ከእነዚህ ርክክቦች አንዱ አልተፈጸመም ማለት ነው። የጥገናው ግማሽ የትኛው እንደሆነ ማወቅ ነው፤ ያንንም ስክሪኑ ይናገራል።

ወደዚያ ከመግባት በፊት ግን እጅ የሚሰበሰብበት ጊዜ ነው። የትኛው ርክክብ እንደተቋረጠ እስኪታወቅ ድረስ በዲስኮቹ ላይ ምንም ነገር መጻፍ አይገባም። በስክሪኑ ላይ የቀረው መልእክት በስልክ ፎቶ ይነሣ፤ የእያንዳንዱ ዲስክ መለያ ቁጥርና የተሰካበት ቦታ በወረቀት ይመዝገብ። ከዲስኮቹ አንዱን ነቅሎ ዊንዶውስ ባለበት ኮምፒውተር ላይ መሰካትና ዊንዶውሱ «ይህ ዲስክ ይዘጋጅ?» ብሎ ሲጠይቅ እሺ ማለት የፓርቲሽን ሠንጠረዡን ያጠፋል። በኤምዲአድም «ክሪኤት» የሚለውን ትእዛዝ ሰጥቶ ጥምሩን እንደገና ልፍጠረው ማለት ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው፤ ትእዛዙ በነበረው ላይ አዲስ መለያ፣ ማለትም ጥምሩን የሚገልጽ በዲስኩ ላይ የሚቀመጥ መረጃ፣ ይጽፋል፣ የዲስኮቹ ቅደም ተከተል ወይም የመለያው ዓይነት ከቀድሞው ከተለየም በጤናማ መረጃ ላይ የተሳሳተ ማመሳሰል ይጀምራል። ያለው ጥምር የሚሰበሰበው «አሴምብል» በሚለው ትእዛዝ ነው። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ጠንቅቆ ያላወቀ ሰው የሌላ ሰው ሰርቨር ላይ እጁን ባያሳርፍ ይሻላል።

ሌላም ብዙዎች ሳያስቡት የሚያደርጉት ነገር አለ። «የተበላሸውን ለመለየት» በሚል አንደኛውን ዲስክ ነቅለው በሁለተኛው ያስነሣሉ፣ ከዚያ እርሱን ነቅለው በአንደኛው ያስነሣሉ። በሁለቱም ከተነሣ እያንዳንዱ ዲስክ ሌላው በሌለበት የየራሱን አዲስ ነገር ስለሚጽፍ፣ ሁለቱ ከዚያ በኋላ ግልባጭ መሆናቸው ይቀርና የተለያየ ታሪክ ያላቸው ይሆናሉ። መልሶ ሲጣመር የአንዱ ታሪክ በሌላው መተካቱ አይቀርም። እየነቀሉ መሞከር ካስፈለገ መሞከሪያው ከፍላሽ የተነሣና ዲስኮቹን ለንባብ ብቻ የሚከፍት ሲስተም መሆን አለበት።

አሁን ወደ ስክሪኑ እንመለስ። መልእክቱ የሚነሣበት ዲስክ አልተገኘም የሚል ከሆነ፣ ወይም ኮምፒውተሩ በቀጥታ ወደ ባዮስ ገጽ ከገባ፣ የተቋረጠው የመጀመሪያው ርክክብ ስለሆነ ሬይዱን መጠርጠር ገና አይገባም። በቅድሚያ ዲስኮቹ በባዮስ ገጽ ላይ በስማቸው መታየታቸው ይረጋገጥ። አንዱ ካልታየ ኮምፒውተሩ ይጥፋ፣ ከመብራት ይነቀልና የዳታው ኬብልና የኃይሉ ኬብል እንደገና ይሰኩ፤ ከተቻለ በሌላ ኬብል ይሞከር። ሁለቱም ከታዩ ደግሞ ሰዓቱንና ቀኑን ማየት ይገባል። መብራት በተደጋጋሚ በሚጠፋበት ቦታ ይህ ትልቅ ፍንጭ ነው፤ በማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ፣ ብዙውን ጊዜ ሲአር2032 የምትባለው፣ ኃይሏ ካለቀ ኮምፒውተሩ ከመብራት በተለየ ቁጥር ቅንብሩን ሊረሳ ይችላል። ቀኑ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ከሄደ ሌላውም ቅንብር አብሮ ተመልሶ ሊሆን ይችላል፤ የዲስኮቹ የመነሻ ቅደም ተከተል ተቀይሮ ሊሆን ይችላል፣ ሳታ የተባለው የዲስክ ግንኙነት ከኤኤችሲአይ ወደ ሌላ ዓይነት ሄዶ ሊሆን ይችላል፣ በዩኢኤፍአይ ይነሣ የነበረው ማሽን በቀድሞው የባዮስ ዘዴ ልነሣ እያለ ሊሆን ይችላል። ሴኪዩር ቡት የተባለው፣ ያልተፈቀደ የመነሻ ፕሮግራም እንዳይሠራ የሚከለክለው መቆጣጠሪያም ተመልሶ በርቶ ሊገኝ ይችላል። አንዲት ርካሽ ባትሪ ተቀይራ ቅንብሩ ወደ ቦታው ሲመለስ ሰርቨሩ ምንም እንዳልሆነ የሚነሣበት ጊዜ ስላለ፣ ዲስክ ለመግዛት ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት ይህ መታየት አለበት። ሰርቨሩ በደህና ሲሠራ የባዮሱን ገጾች ፎቶ አንሥቶ ማስቀመጥም በዚህ ጊዜ ብዙ ድካም ያስቀራል።

ባዮሱ ዲስኩን አግኝቶ «ግረብ» የሚል ቃል ብቻ ከተጻፈ በኋላ ስክሪኑ ደርቆ ከቀረ፣ የ446ቱ ባይት ኮድ ሠርቷል፣ የሚጠራውን ክፍል ግን አላገኘውም። «ግረብ ሬስኪው» የሚል የትእዛዝ መስመር ከመጣ ደግሞ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ተሄዷል፤ ግረብ ተነሥቷል፣ ቡት የተባለውን ማኅደር ግን ማግኘት አልቻለም። በዚህ መስመር ላይ «ኤልኤስ» የሚለው ትእዛዝ ግረብ የሚያያቸውን ዲስኮች ይዘረዝራል፤ ጥምሩ በስሙ ከተዘረዘረ ግረብ ሬይዱን ማንበብ ይችላል ማለት ነው፣ ነጠላ ዲስኮች ብቻ ከተዘረዘሩ ግን ሬይድን የሚያነብበት ክፍል (ሞጁል) አልገባለትም ወይም ጥምሩን አላወቀውም። የዚህ ሁሉ በጣም የተለመደው ምክንያት ቀደም ሲል የተነገረው ነው፤ ሲስተሙ ሲጫን ግረብ የገባው በአንደኛው ዲስክ ላይ ብቻ ነበር፣ ያ ዲስክ ሲሞት ወይም የባዮሱ ቅደም ተከተል ሲቀየር ኮምፒውተሩ ግረብ ወደሌለበት ዲስክ ሄደ። ሙሉ መረጃ የያዘው ዲስክ በሕይወት እያለ ማሽኑ እንደ ሞተ ይቆጠራል።

በዩኢኤፍአይ ማሽኖች ላይ ጉዳዩ መልኩን ይለውጣል። የመነሻ ፕሮግራሙ የሚቀመጠው ኢኤስፒ በሚባል፣ ፋት በተባለው የፋይል አቀማመጥ በተዘጋጀ ትንሽ ፓርቲሽን ውስጥ ነው፤ ዩኢኤፍአይ ሬይድን ስለማያውቅ ይህ ፓርቲሽን እንደ ተራ ፓርቲሽን መነበብ አለበት። አንዳንዶች መለያው በፓርቲሽኑ መጨረሻ ላይ በሚቀመጥበት 1.0 በተባለው ዓይነት ሁለቱን ኢኤስፒዎች በሬይድ 1 ያጣምሯቸዋል፤ መለያው መጨረሻ ላይ ስለሆነ ዩኢኤፍአይ መጀመሪያውን ሲያነብ ተራ ፋት ይመስለዋል። ዘዴው ይሠራል፤ ሆኖም ዩኢኤፍአይ ራሱ በአንደኛው ላይ ብቻ አንድ ነገር የጻፈ እንደሆነ ከርነሉ ሳያውቅ ሁለቱ ይለያያሉ። በእኔ ግምት በትንሽ መሥሪያ ቤት ውስጥ የሚሻለው በእያንዳንዱ ዲስክ ላይ ራሱን የቻለ ኢኤስፒ አዘጋጅቶ ይዘቱን መገልበጥ፣ በዩኢኤፍአይ መዝገብም ለሁለቱም መግቢያ ማስመዝገብ ነው። በተጨማሪም ዩኢኤፍአይ መዝገቡ ቢጠፋበት እንኳ በልማድ የሚፈልገው «ቡት ኤክስ64» የተባለ ፋይል አለና፣ የግረብ ግልባጭ በዚያ ስም በሁለቱም ዲስኮች ላይ መቀመጥ አለበት።

ከሁሉ የሚያደናግረው ሦስተኛው የመቋረጥ ዓይነት ነው። ግረብ ተነሥቷል፣ ከርነሉ ገብቷል፣ ብዙ ጽሑፍ በስክሪኑ ላይ ከሮጠ በኋላ የዋናው ፋይል ሲስተም መለያ ቁጥር አልተገኘም የሚል መልእክት መጥቶ «ኢኒትራምኤፍኤስ» በሚል የትእዛዝ መስመር ላይ ይቆማል። ብዙ ሰው እዚህ ሲደርስ ሁሉም ነገር ጠፋ ብሎ ሲስተሙን እንደገና ወደ መጫን ይሄዳል፤ ይህ እጅግ የሚያሳዝን ነው፤ ምክንያቱም በዚህ መስመር ላይ ያለ ሰው ጥምሩን ለመመርመር የሚያስፈልገው መሣሪያ ሁሉ በእጁ ነው። መጀመሪያ የሚነበበው ፕሮክ በተባለው ማኅደር ውስጥ ያለው ኤምዲስታት የተባለ ፋይል ነው። በአራት ማዕዘን ቅንፍ ውስጥ ሁለት የእንግሊዝኛ ዩ ፊደሎች ከታዩ ሁለቱም ዲስኮች ጤነኞች ናቸው፤ በአንዱ ቦታ የሥር ጭረት ካለ ያ ዲስክ ጎድሏል፤ «ኢንአክቲቭ» የሚል ቃል ካለ ደግሞ ጥምሩ ታውቋል፣ ግን ሥራ አልጀመረም።

ጥምሩ ሥራ የማይጀምርበት ምክንያት ብዙ ጊዜ ጥንቃቄ ነው። ባለፈው ጊዜ ሲዘጋ ሁለት ዲስክ የነበረው ጥምር አሁን በአንድ ብቻ ሲመጣ፣ ሲስተሙ «ሁለተኛው ዘግይቶ ይመጣ ይሆናል» ብሎ ይጠብቃል፤ እንደ ሲስተሙ ዓይነትና ዕድሜ ከጥበቃው በኋላ በአንዱ ይቀጥላል ወይም ትእዛዝ ይጠይቃል። በዚህ ጊዜ በኤምዲአድም የ«ረን» ትእዛዝ ባለው ዲስክ እንዲጀምር ማዘዝና ከዚያ «ኤግዚት» ብሎ አነሣሡ እንዲቀጥል ማድረግ ብዙውን ጊዜ ይበቃል። ሬይድ 5 ላይ ግን ሌላ መሰናክል አለ። መብራት በድንገት ጠፍቶ ጥምሩ በሥርዓት ሳይዘጋ ከቀረና በዚያው ላይ አንድ ዲስክ ከጎደለ፣ ፓሪቲው ከመረጃው ጋር ይስማማ አይስማማ ማወቅ ስለማይቻል ከርነሉ ለመጀመር እንቢ ይላል። በ«ፎርስ» ማስገደድ ይቻላል፤ ነገር ግን መብራት በጠፋበት ቅጽበት ይጻፍ የነበረው መረጃ ሊዛባ እንደሚችል አውቆ፣ ከተቻለም የዲስኮቹን ግልባጭ ይዞ መሆን አለበት።

ከማስገደድ በፊት ሁልጊዜ የሚነበብ አንድ ቁጥር አለ። ኤምዲአድም በ«ኤግዛሚን» ትእዛዝ የእያንዳንዱን ዲስክ መለያ ሲያሳይ «ኢቨንትስ» የሚል ቁጥር ያወጣል፤ ይህ ቁጥር በጥምሩ ሁኔታ ላይ ለውጥ በተመዘገበ ቁጥር ከፍ ይላል። የሁለቱ ዲስኮች ቁጥር እኩል ወይም በጥቂቱ ብቻ የተለያየ ከሆነ ተለያይተው የቆዩት ለአጭር ጊዜ ነው። በብዙ ከተራራቀ ግን ዝቅተኛው ዲስክ ከወራት በፊት ከጥምሩ ወጥቶ ማንም ሳያውቅ ቆይቷል፤ በእርሱ ላይ ያለው መረጃም ያረጀ ነው። ኮምፒውተሩን በዚያ ዲስክ ማስነሣት የቆየ ሒሳብ እንደ ዛሬ ሒሳብ ማንበብ ይሆናል። የቁጠባ ማኅበር ሰርቨር ላይ ይህ ምን ማለት እንደሆነ መናገር አያሻም፤ ስለዚህ ከፍተኛ ቁጥር ያለው ዲስክ ዋናው ነው፣ ሌላው በእርሱ ይሞላል።

ጥምሩ በእጅ ሲሰበሰብ ያለ ችግር ከተሰበሰበ፣ በራሱ ያልተሰበሰበው ኢኒትራምኤፍኤሱ ስላላወቀው ነው። የኤምዲአድም የቅንብር ፋይል በኢኒትራምኤፍኤሱ ውስጥ ሳይገባ ወይም አሮጌው ሆኖ ሲቀር፣ ኤምዲ0 ይባል የነበረው ጥምር ኤምዲ127 በሚል ስም ይመጣል፤ አነሣሡ በቁጥር ስሙ የሚፈልገው ከሆነም አያገኘውም። መፍትሔው ጥምሮችን በረጅሙ መለያ ቁጥራቸው በቅንብር ፋይሉ ውስጥ ማስፈር፣ ፋይል ሲስተሙም በመለያ ቁጥሩ እንዲጠራ ማድረግና ኢኒትራምኤፍኤሱን እንደገና ማዘጋጀት ነው። የዲስኮች ስም፣ ኤስዲኤና ኤስዲቢ የሚባሉት፣ ኮምፒውተሩ በተነሣ ቁጥር ሊለዋወጥ ስለሚችል ፈጽሞ አይታመንም።

በማሽኑ ላይ ያለው ሲስተም ጨርሶ ካልረዳ ጥገናው ከፍላሽ ይሆናል። ከሊኑክስ ፍላሽ ሲነሣ ፍላሹ የተዘጋጀው ማሽኑ በሚነሣበት ዘዴ፣ ማለትም በባዮስ ወይም በዩኢኤፍአይ፣ መሆኑ ይረጋገጥ፤ አለበለዚያ በመጨረሻ የሚጫነው ግረብ የተሳሳተው ዓይነት ይሆናል። የዲስኮቹ ጤና ዲስኩ ስለ ራሱ ከሚይዘው፣ ስማርት ከተባለው መዝገብ ይታያል፤ ሊነበቡ ያልቻሉና በጥርጣሬ የተያዙ ሴክተሮች (የዲስኩ ትንንሽ የመረጃ ክፍሎች) ብዛት እየጨመረ ከሆነ ዲስኩ በመሞት ላይ ነው፣ መረጃ ሲተላለፍ የሚፈጠረው የሲአርሲ ስሕተት ብቻ ከጨመረ ግን ጥፋቱ የኬብሉ ሊሆን ይችላል። በመሞት ላይ ካለ ዲስክ ብቸኛው ቅጂ የሚወጣ ከሆነ ዲዲሬስኪው በተባለው መሣሪያ ወደ ሌላ ዲስክ ይገልበጥ፤ ይህ መሣሪያ የሚነበበውን አስቀድሞ ያወጣና የተበላሸውን በመጨረሻ ይሞክራል፣ መብራት ቢጠፋበትም ከያዘው የሥራ መዝገብ ካቆመበት ይቀጥላል። ዲስኮቹ ጤነኞች ከሆኑ ጥምሩ ለንባብ ብቻ ይሰብሰብ፣ ፋይል ሲስተሙም ለንባብ ብቻ ተከፍቶ አስፈላጊዎቹ ፋይሎች ወደ ውጪ ዲስክ ይገልበጡ። ከዚህ በኋላ ነው መጻፍ የሚፈቀደው፤ ችሩት በተባለው ትእዛዝ ከፍላሹ ወደ ዋናው ሲስተም ገብቶ ኢኒትራምኤፍኤሱን ማደስ፣ የግረብን ቅንብር ማደስ፣ ግረብንም በእያንዳንዱ ዲስክ ላይ ለየብቻ መጫን። በባዮስ ዘዴ በሚነሣ ማሽን የሚጫነው በዲስኩ ላይ እንጂ በጥምሩ ወይም በፓርቲሽኑ ላይ አለመሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል። የፋይል ሲስተም ማረሚያው ኤፍኤስሲኬ የሚሠራው ደግሞ በተቃራኒው በተሰበሰበው ጥምር ላይ ብቻ ነው፤ በአንድ ነጠላ አባል ላይ ከተሠራ ሁለቱን ግልባጮች ያለያያል።

ዲስክ መቀየር ካስፈለገ አዲሱ ከአሮጌው ያላነሰ መሆን አለበት፤ በጥቂት ሜጋባይት ቢያንስ እንኳ ጥምሩ አይቀበለውም። የፓርቲሽን ሠንጠረዡ ከጤነኛው ወደ አዲሱ ሲገለበጥ ምንጩና መድረሻው እንዳይገላበጥ የተመዘገበው መለያ ቁጥር ከፊት ይቀመጥ። ማመሳሰሉ ጊዜ ይወስዳል፤ በሰከንድ 100 ሜጋባይት የሚጽፍ ዲስክ 1 ቴራባይት ለመሙላት ወደ ሦስት ሰዓት ይፈልጋል፣ በሥራ ላይ ያለ ሰርቨር ከሆነ ከዚያም ይረዝማል። ለጎጃም ገጠር ከተሞች ከዚህ የሚበልጠው ጊዜ ግን ዲስኩ እስኪመጣ የሚያልፈው ነው። ደብረ ማርቆስ ከአዲስ አበባ ወደ 300 ኪሎ ሜትር ይርቃል፣ መንገዱም የዓባይን ሸለቆ ያቋርጣል፤ ዲስኩ እስኪደርስ ሰርቨሩ በአንድ ዲስክ ብቻ የሚሠራ ከሆነ ያ ዲስክ ግልባጭ የለውም። ስለዚህ አንድ ትርፍ ዲስክ በመሳቢያ ውስጥ ማስቀመጥ ቅንጦት አይደለም። ስለ ከፍታው የሚጠይቁም አሉ፤ አብዛኞቹ ተራ ሃርድ ዲስኮች እስከ 3,048 ሜትር ከፍታ እንዲሠሩ የተፈቀደላቸው ስለሆኑ ከ2,400 ሜትር ጥቂት ከፍ በሚለው በደብረ ማርቆስ አያሰጋም፤ በጮቄ ተራራ ገደል አፋፍ ላይ ለሚተከል መሣሪያ ግን የሚሽከረከር ክፍል የሌለው ኤስኤስዲ መምረጥ ይገባል።

ሰርቨሩ ከተነሣ በኋላ ሊቀር የማይገባው ሥራ ዲስክ ከጥምሩ ሲወጣ ወሬው ለሰው የሚደርስበትን መንገድ ማበጀት ነው። ሬይድ 1 አንድ ዲስክ ሲሞት ሳይናገር መሥራቱን ስለሚቀጥል፣ ማንም ኤምዲስታትን ካላነበበ ሞቱ የሚታወቀው ሁለተኛው ሲሞት ነው። ኤምዲአድም በኢሜይል እንዲያሳውቅ ማዘዝ ይቻላል፤ ኢንተርኔቱ ለማይዘልቅ መሥሪያ ቤት ግን ሰኞ ጠዋት ሰርቨሩን የሚያየው ሰው ያንን ፋይል ከፍቶ እንዲያነብና በመዝገብ እንዲፈርም ማድረግ ይሻላል። ዩፒኤስ ካለ ደግሞ ባትሪው ሊያልቅ ሲል ሰርቨሩን በሥርዓት እንዲዘጋ በኬብል መገናኘት አለበት፤ ያለዚህ ዩፒኤሱ ድንገተኛውን መጥፋት በጥቂት ደቂቃ ከማዘግየት በቀር የሚያደርገው የለም። በስሕተት የተሰረዘ ፋይል በሬይዱ በሁለቱም ዲስኮች ላይ በአንድ ጊዜ ስለሚሰረዝ፣ ሰርቨሩ ከሚቀመጥበት ክፍል ውጪ የሚቀመጥ ባክአፕም የግድ ነው።

የአነሣሡ ፈተና የሚደረገው ሰርቨሩ ጤነኛ በሆነበትና ባክአፕ በተወሰደበት ቀን ነው። ኮምፒውተሩ ተዘግቶ አንደኛው ዲስክ ይነቀልና በሁለተኛው ብቻ ይነሣ እንደሆነ ይታያል። ከተነሣ ኮምፒውተሩ ይዘጋ፣ የተነቀለው ይመለስ፣ ወደ ጥምሩም በ«ሪአድ» ትእዛዝ ይጨመር፤ ጥምሩ የለውጥ ማስታወሻ የሆነውን ቢትማፕ የያዘ ከሆነ የሚገለበጠው በመካከሉ የተለወጠው ብቻ ስለሆነ ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል። ሁለተኛውን ለመፈተን የሚነቀለው ኤምዲስታት ሁለቱንም የዩ ፊደሎች ካሳየ በኋላ ብቻ ነው።